የአስማማው ዘፈን

የብርጓል መጀመሪያ ወደዚያ መጋዘን የሄደችው ለጠብ ነበር። ጣና ዳር ተዘግቶ በቀረው የዓሣ መጋዘን ውስጥ ጥቂት ጎረምሶች ከቀበሌ ሳያስፈቅዱ ጊታርና ከበሮ ያስጮኻሉ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ የምትገባው እሷ ቀን መተኛት አቅቷታል።

«ምነው፣ ጣናን ልታደነቁሩት ነው?» አለች በሩን በርግዳ።

ጊታር ያነገተው አንዳርጋቸው ሳቀ። «ያንቺ ጩኸትማ ከኛ ይብሳል። ነይ ዝፈኝልን።»

ክረምቱ ሳይወጣ የባንዱ ድምፅ እሷ ሆነች፤ አንዳርጋቸውም የልቧ ሰው። ሙዚቃቸው ሻካራና ቁጡ ነው፤ እንደ ቀበሌ ኪነት ማንንም አያወድስም። ወጣቱ በሹክሹክታ እየተጠራራ ይመጣል።

የሚመጣውም ይበልጡን ለአንድ ዘፈን ነበር። ወንድሟ አስማማው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን በረሃ ወድቋል። ቀበሌው «ለጀግና አይለቀስም» ብሎ ድንኳን ስለ ከለከለ፣ እናቷ ወይዘሮ ወለላ አፋቸውን በነጠላ አፍነው አለቀሱ። የብርጓል ግን ከእናቷ ተደብቃ መጋዘኑ ውስጥ ትጮህለት ነበር፦

«አስማማው ወንድሜ፣ ውጣ ከበረሃ፤
ጣና ዳር ተወልዶ ይጠማል ወይ ውሃ?»

አንድ ቀን የአዲስ አበባ ትልቅ ሙዚቃ ቤት ባለቤት መጥቶ ሰማቸው። «ዜማው ወርቅ ነው» አለ። «ጩኸቱ ግን ይቀነስ። የሟች ስምም ሳንሱር አያልፍም፤ የፍቅር አድርጉት።»

የብርጓል ለቀረጻው አዲስ አበባ አልሄድም አለች።

«ሌላውን እንዳሻችሁ አድርጉ» አለችው አንዳርጋቸውን፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው። «የአስማማውን ብቻ አትንኩብኝ።»

አንዳርጋቸው ዓይኑን ወደ ታንኳዎቹ መለሰ። ከዚያ እጇን ያዘ። «ከነካሁት አንቺን ይንሳኝ።»

ከአዲስ አበባ ሲመለስ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ካሴቱን ይዞ ነበር። ዓይኗን ማየት ፈራ።

«ያለዚያ ዘፈን አናሳትምም አሉን። ስለዚህ ባንቺ ስም ቀየርሁት። አሁን አገር ሁሉ አንቺን ይጠራል፣ የብርጓል።»

«እኔማ በሕይወት አለሁ፤ ስሜን የሚጠራ አላጣሁም» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ከዚያ ዘፈን በቀር ምን መቃብር ነበረው?»

በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ አውቶቡስ ሲሳፈር አልሸኘችውም። ፊቱን ካየች ይቅር እንደምትለው ታውቃለች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከእናቷ ጋር ገበያ ወጣች። ከካሴት ሻጩ ሱቅ የአንዳርጋቸው ድምፅ ለስልሶ ይፈሳል፦ «የብርጓል ፍቅሬ ነይ፣ ውጪ ከበረሃ...»

ወይዘሮ ወለላ ቆሙ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ።

«ስምሽን ሰማሽው?» አሉ። «ምን ያለ ደስ የሚል ዘፈን ነው! ላንቺም እንዲህ የሚወድሽ ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ።»

የብርጓል የእናቷን ክንድ ያዘች።

«አሜን፣ እማ» አለች፤ ዘፈኑ እስኪያልቅም አብራቸው ቆመች።