የነከሰው ሽጉጥና ስድስቱ ቀለሃዎች

ዌይድ ቶልማንን ድብ የገደለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሬሳው ሲገኝ ቀኝ እጁ ሽጉጡን እንደጨበጠ፣ ጣቱም ምላጩ ላይ እንደሆነ ደርቆ ነበር። ሁለት ጊዜ ተኩሷል። ሦስተኛው እምቢ ብሎታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አዳኞችን እየመራ የሞንታናን ተራሮች የወጣ የወረደ ሰው፣ አራት ያልተተኮሰ ጥይት በእጁ ይዞ ሞተ።

ሽጉጡ ለምን እንደነከሰበት ለማወቅ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ስድስት ጥይት በሚጎርሰው ከበሮ ውስጥ የአንደኛው ጥይት አረር ከቀለሃው አፍ ተንሸራቶ ወጥቶ፣ በከበሮው ፊት በኩል ብቅ ብሏል። ከበሮው ሊዞር ሲል ያ ብቅ ያለው አረር ከሽጉጡ አካል ጋር ተላተመ፤ ከዚያ ወዲያ የሚዞር ነገር አልነበረም።

ጥይቶቹን የሞሉት ኦርቪል ስቴንሩድ መሆናቸውም አላከራከረም። በእኛ በብራይስ ክሪክ ሰው የተኮሰበትን ቀለሃ ለቅሞ ለኦርቪል ይወስዳል፤ እሳቸው አዲስ ባሩድና አረር ሞልተው ይመልሱለታል። አርባ ዓመት እንዲህ ኖረናል። ሽማግሌው ማንም ሳይጠራቸው በእግራቸው ሸሪፉ ቢሮ ሄደው «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። በቀብሩ ላይ የዌይድ ሚስት ወንድም ዴል በሰው ሁሉ ፊት ጣቱን ቀስሮ «ነፍሰ ገዳይ!» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቃቸው ደጃፍ የሚቆም መኪና ጠፋ። እኔም ልጅ ሳለሁ መተኮስ ያስተማሩኝን ሰው ላለማየት መንገድ ተሻግሬአለሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ እየነደደ ነው።

መርማሪ ሎርና ሆልት ወደ ኦርቪል ሱቅ የተላከችው ለአንድ ፊርማ ብቻ ነበር። ሸሪፉ የእምነት ቃሉን አስተይቦ «አስፈርመሽ ነይ፣ ይዘጋ» አላት። ሎርና ግን ያላነበበችውን ወረቀት ለማንም የማታስፈርም፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምትል ችኮ ሴት ናት። ሱቁ ውስጥ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ኦርቪል፣ እዚህ ላይ ‹ሁለቱን ሣጥን አምታትቼ ሰጠሁት› ይላል። ሲያምታቱ ትዝ ይልዎታል?»

«አይለኝም።»

«ታዲያ በምን አወቁ?»

«ሰውየው ሞተ አይደል እንዴ ልጄ? ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ፈለግሽ?»

«እሱ መሞቱን ነው የሚያስረዳኝ። እስቲ ስለ ሁለቱ ሣጥኖች ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ተነፈሱ። «የዌይድ ሽጉጥ ቀላል ናት። ተራራ ለመውጣት ትመቻለች፤ ስትተኮስ ግን እንደ በቅሎ ትራገጣለች። ርግጫዋ ከበሮው ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች ይነቀንቃል። ስለዚህ ለእሷ ስሞላ የቀለሃውን አፍ አረሩ ላይ አጥብቄ እቆነጥጠዋለሁ። በዚያው ሳምንት ለሸሪኩ ለከርቲስና ለዴል ደግሞ ያንኑ ዓይነት ጥይት ላላ አድርጌ ሞላሁ። የእነሱ ሽጉጦች ከባድ ብረት ናቸው፣ አይራገጡም። ላላ ሲል ቀለሃው ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ብዙ ጊዜ ይሞላል።»

«እንዳይደባለቅ ምልክት የለውም?»

«የላላው ቂጡ ላይ ጥቁር ሰረዝ አለው። እኔ ነኝ የማደርግበት። ከዌይድ ሽጉጥ የወጡት ግን የላላ ሆነው ሰረዝ የላቸውም። ረስቻለሁ ማለት ነው። ዓይኔ ደክሟል፣ እጄም…» የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቁት።

ሎርና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ዛሬ አይፈርሙም» አለች። ልትወጣ ስትል መደርደሪያው ላይ አፉ የታሰረ ከረጢት አየች፤ የዴል ስም ተጽፎበታል። «ይሄስ?»

«ባዶ ቀለሃ ነው። ዌይድ ሊሞት በዋዜማው ሰኞ አመጣልኝ። አልነካሁትም። ከእንግዲህ የማንንም አልነካም።»

ከዚያ ወደ ሟች ቤት ሄደች። ዌይድ፣ ሚስቱ ጃኔል፣ ወንድሟ ዴልና የዌይድ የሥራ ሸሪክ ከርቲስ በአደን ወራት አንድ ጣሪያ ሥር ነበር የሚኖሩት። በሩን እንዳለፈች አንድ የልብስ መስቀያ አየች።

«ሽጉጡ የሚሰቀለው እዚህ ነበር?»

«መሣሪያ ታጥቆ ማዕድ ላይ የሚቀመጥ የለም፤ የእኔ ሕግ ነው» አለች ጃኔል። ዓይኗ አብጧል። «ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ትኩሳት ጥሎት ተኝቶ ስለነበር ከዚያ አልወረደም። ማክሰኞ በጠዋት ታጥቆት ወጣ።»

«የጥይቱ ሣጥን የት ነው?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ካንገቱ አይለይም ነበር። ሬሳውን ሳጥብ ነው የፈታሁት።»

በቁም ሣጥኑ ውስጥ ከጥይቱ ጋር አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነበረች። በመጨረሻው ገጽ ላይ ዌይድ በእርሳስ እንዲህ ጽፏል፦ «ከአዲሱ ሣጥን አምስት ተኮስኩ። የስድስተኛው አረር ከቀለሃው ንቅንቅ አላለም። ኦርቪል ያው ኦርቪል ነው።» ሎርና ገጹን ደጋግማ አየችው።

«ዌይድና ዴል እንዴት ነበሩ?»

«መተራረብ ነበር ሥራቸው» አለች ጃኔል፣ ፈገግ ልትል ሞክራ። «ዌይድ ‹ይቺ ሽጉጥ ወንድ ትመርጣለች፤ አንተ ብትነካት ጥርስህን ነው የምትሰብረው› እያለ ሲያበሽቀው፣ ዴል ሳህኑን ትቶ ይነሳ ነበር።»

ይህን ስትል ዴል ራሱ ገባ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ትከሻ ሰፊ ጎረምሳ ነው። «አሁንም ትመላለሻለሽ? ሰውየው አምኗል እኮ! እህቴን አታድሚያት!»

«የማደማው ሰው ገና አላገኘሁም» አለችና ሣጥኑን ይዛ ወጣች።

ከርቲስን ያገኘችው በጋጣው ውስጥ በቅሎዎቹን ድርቆሽ ሲያበላ ነው።

«እኔ ገደልኩት ልትዪኝ ነው የመጣሽው?»

«ገና አልወሰንኩም። ማክሰኞ አብረኸው መውጣት ነበረብህ።»

ከርቲስ መንሹን ሰካ። «ተጣልተን ነበር። የአደን ካምፓችንን እንሽጥ አልኩት። ‹ብቻዬን እሄዳለሁ› አለኝ። ‹መንገዱን ጨርቅ ያርግልህ› ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።» መንሹን መልሶ ነቀለ። «ይህን ሸሪፉ አልጠየቀኝም። የሽማግሌው ጥፋት ነው ሲባል፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለል አለኝ። ያሳፍራል።»

«ከላላው ጥይት ስንት ቀረህ?»

«ማን ቆጥሮት! እንደ ዴል ቀለሃ እየለቀምኩ የምዞር መሰለሽ? እሱ እኮ አንድ ቀለሃ ከጠፋበት ሣር ውስጥ ተንበርክኮ ነው የሚፈልገው። እኔ የተኮስኩበት ጥዬው እሄዳለሁ፤ ከኦርቪል የተሞላ ነው የምገዛው።»

ሎርና አጠገቧ የቆመችውን በቅሎ መታ መታ አድርጋ ወጣች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ኦርቪል ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ፣ ጃኔል በመስኮቱ አጠገብ፣ ከርቲስ በሩ ላይ፣ ዴል እጁን አጣጥፎ መሃል ላይ። ጠረጴዛው ላይ የዌይድ ሽጉጥ፣ የጥይቱ ሣጥን፣ ከሽጉጡ የወጡት ስድስቱና ያልተፈታው ከረጢት ተቀምጠዋል።

«በዚህ ልጀምር» አለችና ሣጥኑን ነካች። «ትናንት ከዚህ ሣጥን ስድስት አውጥቼ በዌይድ ሽጉጥ አምስቱን ተኮስኩ። ስድስተኛው ዌይድ እንደጻፈው ንቅንቅ አላለም። ኦርቪል፣ ሣጥን አላምታቱም። የሰጡት ትክክለኛውን ነው።»

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

«ሁለተኛ። ከሽጉጡ የወጡትን ቂጣቸውን በማጉያ መነጽር አየሁ። ላይ ላዩ ንጹሕ ነው። የተቀረጹት ፊደላት ጎድጓዳ ውስጥ ግን በስድስቱም ላይ ጥቁር ቀለም አለ። ሰረዙን አልረሱም። አድርገውት ነበር፤ ሰው ጠርጎታል። ዌይድ ከበሮውን ከፍቶ ቢያይ የራሱ ጥይት እንዲመስለው ነው።»

«የላላው ያለን እኔና ዴል ነን» አለ ከርቲስ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ሽጉጡም በሩ አጠገብ የተሰቀለ ነው።»

«ሁለታችሁም እጃችሁ ይደርስ ነበር። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው፤ የዌይድ ስድስት ደህና ጥይቶች የት ሄዱ? ሊገድለው የፈለገ ሰው ወንዝ ይጥላቸዋል። የተኮሳቸው ሰው ግን ቀለሃው ይተርፈዋል።» ሽጉጡን አነሳች። «ይቺ ሽጉጥ አንድ ነውር አላት። የቀለሃውን ቂጥ የሚወጋው መርፌዋ መሃል አይመታም፤ ወደ ግራ ዝቅ ይላል። እኔ የተኮስኳቸው አምስቱም እንደዚያ ነው የተመቱት። የእናንተ ሽጉጦች ግን መሃል ለመሃል ነው የሚመቱት፤ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ።»

ከረጢቱን ፈታች። ቀለሃዎቹን ጠረጴዛው ላይ አፍስሳ፣ ሁሉም እያዩ፣ አንድ በአንድ እያገላበጠች ለየች። ረጅም ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ስድስቱን ለብቻ ደረደረቻቸው። የስድስቱም ምት ወደ ግራ ዝቅ ያለ ነው።

«ከርቲስ ቀለሃውን ጥሎ ይሄዳል» አለች። «አንተ ግን፣ ዴል፣ አንድ እንኳ ጥለህ አታውቅም።»

ዴል ወደ ስድስቱ ቀለሃዎች ጎንበስ ብሎ አያቸው። የተጣጠፈው እጁ ተፈታ።

«እሑድ ነው» አለ ኋላ። «ዌይድ ተኝቶ ነበር፣ ጃኔል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከጎተራው ጀርባ ጣሳ ደርድሬ… አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክራት ብዬ ነው። ስድስቱም አለቁ። ሣጥኑ ተቆልፏል። ሲነሳ ባዶ ቢያገኛት ማዕድ ላይ መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው። ‹ስንቱን መታህ?› ሊለኝ ነው። ሰረዙን ጠርጌ የራሴን ሞላሁባት። ያው አንድ ዓይነት ጥይት ነው፣ ይተኮሳል ብዬ… ሊሞት ነው ብዬ አላሰብኩም። በእግዜር!»

«በቀብሩ ላይስ?» አለች ጃኔል። ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። «በባሌ ሬሳ ሣጥን ፊት ቆመህ እሳቸውን ነፍሰ ገዳይ ስትልስ ምን ብለህ ነበር ያሰብከው?»

«እሳቸው አምነው ነበር እኮ» አለ ዴል በሹክሹክታ። ያለው ነገር ለራሱ ጆሮ ሲገባ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ኦርቪል ከወንበራቸው ተነስተው ስድስቱን ቀለሃዎች በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሰበሰቡ። እጃቸውን አልደበቁም።

«ስንቱን ጣሳ መታህ?» አሉት።

ዴል እጁን ከፊቱ አወረደ። «አንዱንም» አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰኞ ዕለት እዚችው ጠረጴዛ ፊት ቆመህ ነበር። ከረጢቱን ከእጅህ ተቀብዬ ስለ ዝናቡ አወራን። ስድስት ጥይት እኮ ነው፣ ልጄ። ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር። ለማንም አልናገርም ነበር።»

ሎርና ያልተፈረመውን ወረቀት ቦጫጭቃ ምድጃው ውስጥ ጣለችና ዴልን ይዛው ወጣች። ጃኔል ወንድሟን አልተከተለችም፤ ኦርቪል አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።

ወሬው ሳይመሽ ከተማውን አዳረሰ። ሰኞ ጠዋት ኦርቪል ሱቃቸውን ሲከፍቱ ደጃፉ ላይ ስምንት መኪና ተደርድሮ ቆሟል። የሁሉም ሞተር እየሠራ ነው፤ ቀድሞ የሚወርድ ግን ጠፋ። እኔ አራተኛው መኪና ውስጥ ነበርኩ።