ከብረቱ በር ጀርባ የረሳነው ሰው

ይሄ ልብ ወለድ አይደለም።

ልብ ወለድ መተዳደሪያዬ ነው፤ ስዋሽ አውቀዋለሁ። አሁን እየዋሸሁ አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ብዙዎቻችሁ እዚህ ቻናል ላይ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። የቁልፍ ሠሪው ታሪክ ምን በላው? አስጎምጅታችሁን የት ገባችሁ? ትሉኛላችሁ። ዝም ያልኩት ንቄያችሁ አይደለም።

መልሱ ይኸው።

የጀመረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጨለማ የለም፤ ዝናብ የለም፤ መብራትም አልጠፋም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ጎረቤታችን በረንዳዋ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ምሳ በልተን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለን ነበር።

እኛ የምለው እኔንና ታላቅ እህቴን ነው። እትዬ ነው የምላት። አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ እትዬ፣ ባሏና እኔ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። መሪ ሲጨብጥ አውሮፕላን የሚያበር ስለሚመስለው ካፒቴን እንለዋለን።

አዲስ ለሆናችሁ ልንገራችሁ። «የታችኛው ሰፈር» የተባሉትን ተከታታይ መጻሕፍት የምንጽፈው እኔና እትዬ ነን። ከምናውቀው ከተማ ስር ሌላ ከተማ አለ፤ አንዲት ፖስተኛ በየሕንፃው ምድር ቤት እየወረደች ለታችኞቹ ነዋሪዎች ደብዳቤ ታደርሳለች። ትልልቆቹን መጻሕፍት ግንድ እንላቸዋለን። በመሃል በመሃል ደግሞ አንዱን ትንሽ ገጸ ባሕርይ ከግንዱ ነጥለን የራሱን አጭር ታሪክ እንጽፍለታለን። እሱን ቅርንጫፍ እንለዋለን።

ቅርንጫፍ የምንጽፍበት የራሳችን መላ ነበረን።

እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ ኮምፒውተሬን ታቅፌ ከጀርባዋ እሆናለሁ። «ማን ነህ?» እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመልስልኝ ገጸ ባሕርይው ነው። እጠይቃለሁ፣ ይመልሳል፣ እተይባለሁ። ሲደክመን «በቃ?» እላለሁ። «በቃ!» ትልና ትስቃለች፤ ውሃ አምጣ ብላም ታዘኛለች።

አንድ ሕግ ብቻ ነበረን። ጠያቂ ይጠይቃል እንጂ ለገጸ ባሕርይው ምንም ነገር አይነግረውም።

ሕጉን ያወጣችው እትዬ ናት። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። የጸሐፊ አመል ነው ብዬ ተውኩት።

የዚያን ቀን ተራው የቁልፍ ሠሪው ነበር። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ፖስተኛዋ ስትሳደድ የብረቱን በር የሚከፍትላት እሱ ነው። እሷ ታመልጣለች፤ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፤ እሱ ውስጥ ይቀራል። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ረሳነው። ሦስተኛውን ጻፍን፣ አራተኛውን ጻፍን፣ ትዝም አላለን። ያ ሰውዬ ምን ሆነ ብላችሁ ያስታወሳችሁን እናንተ ናችሁ።

«ማን ነህ?» አልኩ።

ደግሜ ጠየቅኩ።

«ማን ነህ?»

«መጣችሁ?» አለኝ።

ድምፁ የእትዬ ነው። ግን ሻክሯል... ለብዙ ጊዜ ሳያወራ የቆየ ሰው ድምፅ ነው።

«የት ነህ?»

«በሩ ጋ።»

«ምን ታደርጋለህ?»

«አንኳኳለሁ።»

ጸጉሬ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። ጸሐፊ ይሉኝታ የለውም፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ካገኘ የእናቱ ለቅሶ ላይም ቁጭ ብሎ ይጽፋል።

«እስካሁን?»

«ሦስተኛውን ስትጽፉ አንኳኳሁ... አራተኛውን ስትጽፉም። ስትስቁ ይሰማኛል።»

ጣቶቼ ቆሙ። ገጸ ባሕርዮቻችን ስለ መጻሕፍቱ አውርተው አያውቁም። እትዬም በሥራ ሰዓት እንዲህ ያለ ቀልድ አትወድም።

«በቃ?» አልኩ።

ጠጋ አልኳት።

«እትዬ... በቃ?»

ቀኝ እጇ ከጭኗ ላይ ተነሳ። አየሩን ማንኳኳት ጀመረ። ቀስ እያለ... ድምፅ ሊኖረው አይችልም፤ እኔ ግን ሰማሁት። ብረት ነበር።

«ከፍታችሁልኛል?»

እንዲያበቃ ስለፈለግኩ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚባበል ላባብለው ብዬ...

«አዎ፤ ከፍተንልሃል። ውጣ።»

እጇ ቆመ። ተነሳችና ወደ እኔ ዞረች።

አልሳቀችም። ውሃም አላዘዘችኝም።

«አመሰግናለሁ» አለችኝ።

እህቴ እድሜዋን ሙሉ አመሰግናለሁ ብላኝ አታውቅም።

ከዚያ ወደ ክፍሉ በር ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። በሩ ገርበብ ያለ ነው፤ በጣት ገፋ ቢያደርጉት ይከፈታል። አልነካችውም። ሄጄ እስክከፍትላት ጠበቀች።

መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ታላቅ እህት አይደለች? ስታስፈራራኝ ነው ያደግኩት።

ካፒቴን ከሥራ ሲገባ የቤቱ በሮች ቁልፍ በሙሉ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ብሎኑ ለብቻ፣ ሞላው ለብቻ፣ ምላሱ ለብቻ። እትዬ እኮ የጠርሙስ ክዳን የሚያስቸግራት ሴት ናት። ካቻቪቴ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አታውቅም። ካፒቴን ለሌባ ነው ወይስ ለዘመድ ያመቻቸሽው ብሎ ሊቀልድባት ሞከረ። ቀና ብላ አየችው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ያናገራት ያህል ፈገግ አለችለትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ጎትቶ አስገባኝ። ካፒቴን ሲያወራ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። ያን ጠዋት ግን በሹክሹክታ ነበር።

«እጇ ብረት ብረት ይሸታል።»

«ስትነካካ ስላመሸች ነው።»

«ታጥባዋለች'ኮ... ስሟን ስጠራት አትዞርም።»

«ካፒቴን...»

«ምን አደረጋችኋት?»

ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። መጻሕፍታችንን ሲጀምር ነው የሚያንቀላፋው፤ ሚስቱን ግን ያውቃል።

አብረን ገባን። መስኮቱ ስር ተቀምጣ ቁልፍ ትሞርዳለች። እህቴ የት ናት ብዬ ጠየቅኩ።

ሞረዱን አላቆመችም።

«እኔ የነበርኩበት።»

በዚያው ቀን ቤቱን ለቅቃ ወጣች። ደረጃው ላይ ተከትያት እጇን ያዝኩ፤ ለመንኳት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእጇ አላቀቀችና ወረደች። ለፖሊስ አመለከትን፤ ዘመድ ጓደኛ ጋ ደወልን። አንድ ጎረቤት ገበያው ዳር ቁልፍ ስትቀርጽ አየኋት አለን። ስንደርስ በርጩማዋ ብቻ ነው የጠበቀን።

ሲቸግረኝ መጻፍ ጀመርኩ። ፖስተኛዋ ተመልሳ የብረቱን በር ስትከፍት ጻፍኩ። በቁልፍ አስከፈትኳት፣ በመዶሻ አስከፈትኳት፣ በእሳት አቃጠልኩት። ምንም ለውጥ የለም። ቁልፍ ሠሪው የወጣው በጽሑፍ አልነበረም። በወንበሩ ነው የወጣው።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ፤ ካፒቴን ጠያቂ ሆነ። አስጠናሁት። ማን ነሽ በላት፤ ከፍታችሁልኛል ስትልህ፣ አዎ ውጪ በላት አልኩት። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ደበቅኩት። እሷ በእኔ አካል ትወጣለች፤ እኔ ከበሩ ጀርባ እቀራለሁ። ፈርቼ ነበር፣ በጣም። ግን እህቴ ናት፤ ምን ላድርግ?

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ካፒቴን ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ያለቅሳል።

«አገኘኋት» አለኝ። «ጨለማ ነው አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አላወጣሃትም?»

«አንተን ማን ያወጣሃል?»

«ካፒቴን...»

«እሷም ገብቷታል። እንዳትከፍት ብላ አስምላኛለች።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እቀመጣለሁ። ካፒቴን ለዚሁ ብሎ ፈረቃውን አስቀይሯል። ሚስቱን ያናግራል፤ እኔ አልሰማም። ስነቃ ሰላም ብላሃለች ይለኛል። አንዳንዴ ምን አስቋት እንደነበር ይነግረኛል። እኔ የሚተርፈኝ የደረቀ ጉሮሮ ነው። በገዛ አፌ የምታወራ እህቴን አንድ ቀን እንኳ አለመስማቴ ያንገበግበኛል። ቢሆንም መቀመጤን አላቆምኩም፤ ያለን እሱ ብቻ ነው።

ትናንት ስነቃ ካፒቴን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ምን አለች?»

ወደ ክፍሉ አልገባም።

«ካፒቴን፣ ምን አለች?»

«ብቻዬን አይደለሁም አለች።» ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። «ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ ነው... ተራ በተራ እያንኳኳን ነው አለች።»

ሳቅኩ። እዚህ ነኝ'ኮ አልኩት። እየተነሳሁ እጄን ዘረጋሁለት። ወደ ኋላ ሸሸ። ተሳስታ ይሆናል፣ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ስትቆይ የሌለ ነገር ታያት ይሆናል አልኩት። እሺ አለኝ። ትኬት ሳይቆርጥ ቆርጫለሁ ለሚል ተሳፋሪ እሺ የሚለው ዓይነት እሺ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሻይ አመጣልኝ። ለእንግዳ በምናወጣው ብርጭቆ ነው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠልኝና ስኳሩን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ። አንድ ቤት መኖር ከጀመርን አንስቶ በየጠዋቱ ሻዬን የሚያጣፍጥልኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስንት እንደምፈልግ ከነገርኩት ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ስኳር ስንት ላድርግ?» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ...

አላውቀውም።