በሳምንት አንድ ባልዲ

ታምሲንን ግራ ያጋባት የባልዲው ጉዳይ ነው።

ራሱን የሚያጠጣ የቲማቲም መትከያ ለመሥራት ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል። አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። የታችኛው ውሃ ይይዛል፣ የላይኛው አፈር። በላይኛው ባልዲ ቂጥ ላይ የተበሳሳ የፕላስቲክ ኩባያ ይሰካል፤ ኩባያው ውስጥ ያለው አፈር ውሃውን ከታች እየመጠጠ ለሥሩ ያቀብላል። ተክሉ ሲጠማው ራሱ ይጠጣል። አንድ ባልዲ ለብቻው ግን ያው ባልዲ ነው።

ዳቦ ቤት የሚሠራው ዳርዮ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እሷው ራሷ የዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሥላ አስረድታዋለች። ታዲያ በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ብቻ የሚሰጣት ለምንድን ነው?

«የዛሬው ይኸውልሽ» አላት፣ ማርማላታ የመጣበትን ነጭ ባልዲ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ። ታጥቦ ያበራል። የተለጠፈበት ወረቀት እንኳ ተፍቆ ተነሥቷል።

«አንድ?»

«አንድ።»

«ባለፈው ሳምንትም አንድ ነበር እኮ!»

«ሰዉ ማርማላታ መብላት ትቷል መሰለኝ» አለና ዓይኑን ወደ ዳቦው መደርደሪያ አሸሸ። ጆሮው ግን ቀላ።

ታምሲን ባልዲዋን አንጠልጥላ ወጣች። ይህ ሰው ይወዳታል? ወይስ ንፉግ ነው? ንፉግ ከሆነ ባልዲውን እንደ ሙሽራ እቃ ለምን ያጥበዋል? ከወደዳትስ ለምን ሁለት አይሰጣትም? መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል ቆይታ የራሷን ቤት አልፋ ሄደች።

ብሮክን ሂል የማዕድን ከተማ ናት። አፈሯ ውስጥ እርሳስ የሚሉት መርዘኛ ብረት ስላለ፣ አስተዋይ ሰው የሚበላ ነገር ከጓሮው መሬት ላይ አይተክልም፤ ከሱቅ በከረጢት የተገዛ ንጹሕ አፈር ዕቃ ውስጥ ሞልቶ ይተክላል እንጂ። የታምሲን አያት ክላይቭ ዕድሜያቸውን በማዕድን ጉድጓድ የጨረሱ ሰው ናቸው። ጥር ሲያልቅ አደላይድ ከተማ ያለችው ልጃቸው ወስዳ ልታኖራቸው ነው፤ ጉልበታቸው ደክሟል። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ተመኙ።

«ከገዛ ጓሮዬ ያፈራ አንድ ቲማቲም ብበላ፣ ሌላ አልፈልግም» አሉ።

ዘሩ ሟች ሚስታቸው ኤድና በትምባሆ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀረችው ነው። ስላረጀ አብዛኛው አልበቀለም። የበቀሉትን ጥቂት ችግኞች ታምሲን በእርጎ ኩባያ አድርጋ በረንዳው ላይ ደረደረቻቸው። ውሃ መሙያውን ቱቦ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ በርካሽ አገኘች፤ የፕላስቲክ ኩባያው ከጎረቤት የልደት ግብዣ የተረፈ ነው። የጎደለው ባልዲ ብቻ ነበር። አዲስ መግዛትማ አያት የሚሰሙት ጉዳይ አይደለም።

«አዲስ ባልዲ ከገዛሽ ቲማቲሙን ከሱቅ መግዛት ይረክስልናል» ይላሉ።

ችግኞቹ በጠባቡ ኩባያ ውስጥ እየቀጠኑ እንደ ክር ረዘሙ። ሙቀቱ እየበረታ መጣ። ታምሲን በየቅዳሜው ዳቦ ቤት ትሄዳለች፣ አንድ ባልዲ ይዛ ትመለሳለች፣ ለሳምንት ትናደዳለች። ስንዴ ሆዷን ስለሚያማት ዳቦ አትቀምስም። እንዲያም ሆኖ ለዳቦ ቤት ጸጉሯን ሁለት ጊዜ ታበጥር ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ዳርዮ አልነበረም፤ ለሠርግ ኬክ ሊያደርስ ሄዷል። ባንኮኒው ጋ የቆመችው ኬሪን የምትባለው ባልደረባው ነበረች።

«ባልዲ ፈልጌ ነበር» አለች ታምሲን አፍራ።

«ባልዲ!» ኬሪን እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ነይማ፣ ነይ እዪልኝ!»

የጓዳውን በር ከፈተችው። ነጫጭ ባልዲዎች እርስ በርስ ተሰክተው እስከ ጣሪያው ቆመዋል። ሁሉም ታጥበዋል።

«ዱቄት ለማውጣት በጎን ነው የምንገባው። ውሰጂልን ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ዳርዮ ማንም እንዳይነካቸው ብሏል። ለአንዲት ሴት ነው የማስቀምጣቸው ይላል።»

«ለአንዲት ሴት?»

«ማን እንደሆነች እንጃ። ስሟን ስጠይቀው እንደ ሕፃን ያፍራል።»

ታምሲን ወደ በሩ አፈገፈገች። ይህ ሁሉ ባልዲ ለሌላ ሴት! ለእሷ ደግሞ በሳምንት አንድ፣ እንደ ምጽዋት። አንድም ሳትነካ ወጣች። ዓይኗ እንባ ያቀረረው ከፀሐዩ ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

በሚቀጥለው ሳምንት ምድሪቱ እንደ ምጣድ ጋለች። ከምዕራብ የተነሣው ቀይ አቧራ ከተማውን ሸፈነ። ታምሲን ከምትሠራበት ከጥርስ ሐኪሙ ቤት ስትመለስ፣ እርጎ ኩባያ ውስጥ የነበሩት ችግኞች በሙሉ ተኝተው ደርቀዋል። አያት አንዱን በጣታቸው ቀና ለማድረግ ሞከሩ። ተመልሶ ወደቀ።

«ኤድና ብታይ ትስቅብኝ ነበር» አሉ ብቻ።

የተረፉት ቀደም ብላ ጥንድ ባልዲ አሟልታ የተከለቻቸው ሁለቱ ነበሩ። እነርሱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ለምልመው ቆመዋል፤ ውሃቸው ከሥራቸው ነው። ሌሎቹም ባልዲ ቢያገኙ ኖሮ!

ቅዳሜ አልሄደችም። ከሰዓት በኋላ የዳቦ ቤቱ መኪና ደጃፍ ላይ ቆመ። ዳርዮ ወረደ፤ የኋላውን በር ሲከፍት ባልዲ በባልዲ ነው።

«ታምመሽ መስሎኝ...»

«ለዚያች ሴት ስጣት!»

«ለየትኛዋ ሴት?»

«ጓዳ ሙሉ ባልዲ ለምታስቀምጥላት! ኬሪን ነግራኛለች። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ እየለመንኩ...» በረንዳውን አሳየችው። «ይኸው! የሴት አያቴ ዘር ነበር። ሞተ!»

ዳርዮ የደረቁትን ችግኞች አየ። ፊቱ ዱቄት መሰለ። አንዱን ኩባያ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ታምሲን ግራ ገባት፤ ትጮህበት ወይስ ወንበር ታምጣለት?

«ሴቲቱ አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ማን አለ?»

«እኔ ከሆንኩ ለምን አትሰጠኝም ነበር ታዲያ?»

«ሁሉንም ብሰጥሽ በአንድ ቀን ትጨርሻለሽ። ከዚያ ምን ብለሽ ትመጫለሽ?»

«ዳቦ ልገዛ እመጣለኋ!»

«አንቺ ዳቦ አትበይም፣ ታምሲን።»

ታምሲን ዓይኗን ወደ መኪናው ባልዲዎች አሸሸች።

«ችግኙ እንደሚቸኩል አላወቅኩም» አለ ዳርዮ። «ስለ ኬክና ስለ ዳቦ እንጂ ስለ ተክል የማውቀው አንቺ የሣልሽልኝን ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አያትሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ይቅርታህን ያዘው!» አለች። «ያንተ ይቅርታ ቲማቲም አያፈራም።»

ያን ጊዜ አያት ከመስኮቱ ጀርባ ሳል አሰሙ።

«ታምሲን፣ የኔ ልጅ፣ ከሥራሽ ጎን ያለው አሳ ጠባሽ ስንት ባልዲ ነው በቀን የሚጥለው?»

«አባባ፣ አሁን ምን...»

«የማዮኔዝ ባልዲ። ከነክዳኑ። ገና ዘሩን ሳንዘራ ነግሬሻለሁ፤ ሂጂ፣ አራት አምስት በአንዴ ይሰጥሻል አልኩሽ። ስንት ጊዜ ሄድሽ?»

«...ማዮኔዙ ይሸታል።»

«ይታጠባላ! እየሸተተሽ ነው ወይስ ባለ ዳቦው ስለሌለበት ነው?» አያት ከት ብለው ሳቁ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሱ ባልዲ ደበቀ፣ አንቺ አሳ ቤቱን ደበቅሽ። ችግኙን የፈጃችሁት ሁለታችሁ ናችሁ።»

ታምሲን ፊቷ ጋለ። እውነት ነው። አሳ ቤቱ ያለው ከምትሠራበት ቦታ ጎን ነው። በየቀኑ በደጁ ታልፋለች። አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። ልቧ የሚያውቀውን እሷ ሳታውቀው ይህን ሁሉ ሳምንት ተናዳለች።

ዳርዮ በስስት ተመለከታት። አንገቷን ደፋች፤ ፈገግታዋን ግን መያዝ አልቻለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተክሎች ሦስት ጠባቂ አገኙ። አበቡ፤ አፈሩ። ፍሬው ግን አልቸኩል አለ። ጥር ሲያልቅ፣ አያት የሚሄዱበት ዕለት፣ ከአረንጓዴዎቹ መካከል አንዱ ብቻ ጉንጩ ቀልቶ ነበር። አያት ቀጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አደላይድ ደርሶ ይብሰል» አሉ።

ዳርዮ መኪናውን ነዳ። አያት ከፊት፣ ታምሲን ከኋላ። ረጅሙን ሜዳ ካጋመሱ በኋላ ታምሲን ድንገት ጮኸች።

«ፍተሻው! የፍራፍሬ ዝንብ ፍተሻው!»

አደላይድ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሦስቱም ረስተውታል። ከፊት ባለው ኬላ፣ ዝንቡ ሰብል እንዳያበላሽ፣ ፍራፍሬም ቲማቲምም አያልፍም፤ ይወሰዳል።

ዳርዮ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ አቆመ። አያት ቲማቲሙን ከኪሳቸው አወጡ። አገላበጡት።

«እንግዲህ ኤድና፣ ሳይበስል ነው» አሉና ገመጡት።

ታምሲን ከኋላ አንገቷን አሰገገች።

«እንዴት ነው አባባ?»

«ይጎመዝዛል። ቆዳውም ወፍራም ነው።» እንደገና ገመጡ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም። «የራሴ ነው።»

የተረፈውን ዘር በመሐረባቸው ላይ ዘርግተው መሐረቡን አጣጠፉት። ለታምሲን ሊሰጡ ዘረጉና ሐሳባቸውን ቀየሩ። ለዳርዮ ሰጡት።

«አንተ ያዘው። ባልዲው ከእሷ ጋር ይሁን። አንዳችሁ ያለ ሌላችሁ እንዳትተክሉ።»

አያትን አድርሰው ሲመለሱ ታምሲን ከፊት ተቀመጠች።

«ለሚመጣው ዓመት ዘሩ ብዙ ነው» አለ ዳርዮ። «ሁሉንም ባልዲ ነገ ላምጣልሽ?»

ታምሲን ወደ መስኮቱ ዞራ ፈገግ አለች።

«ዘሩ እስኪዘራ ጊዜ አለን» አለችው። «በሳምንት አንድ ይበቃኛል።»