ሆኽ ላይ የተሰማሩት ከብቶች

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ አቶ እንግዳወርቅ ባሕር ማዶ ኬንቲሽ ታውን በሚገኘው ቤታቸው፣ ከራባታቸውን እንዳሰሩ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የገዛ ካውያቸው ነው። በሩ አልተሰበረም። ፖሊስም ብዙ አልደከመም፤ ቁልፍ ያላት ተከራያቸው ዳናዊት ናትና እሷን ይዞ በዋስ ለቀቃት። ሰኞ ጣቢያ ስትመለስ የግድያ ክስ ይጠብቃታል። የጥገኝነት ጉዳይዋ ደግሞ ክሮይደን ባለው የስደተኞች ቢሮ ገና አልተወሰነም፤ ምስኪን፣ በአንድ ቀን ሁሉንም ልታጣ ነው።

የጠበቃዋ መርማሪ ብፅዓት መጀመሪያ የሟችን እህት ኤልፍነሽን አነጋገረች።

«ቅዳሜን ሙሉ ሆስፒታል ሺፍት ላይ ነበርኩ፤ ቼክ አድርጊ።»

ቼክ ተደረገ፤ እውነት ነው።

«ቤት ውስጥ ከራባት ያስሩ ነበር?»

«ከአለማየሁ ጋር ቃል ሊፈቱ ሲቀመጡ ብቻ።»

አቶ አለማየሁና ሟቹ፣ ሁለቱም ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህራን፣ የድሮ ስኮትላንድ የመሬት አቀማመጥ ቃላትን በአማርኛ ይፈቱ ነበር።

«ቅዳሜ የት ዋሉ ጋሼ?» አለቻቸው ብፅዓት።

«ስኮትላንድ፤ ሆኽ ላይ።»

«ሆኽ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ወንዝ ዳር የተዘረጋ ለጥ ያለ መስክ። ደለል ስለሚተኛበት ለም ነው፤ ያርሱታል፣ ሣር ያጭዱበታል። የስንት መንደር ስም ሆኗል! እኔ ‹ጨፌ› እንበለው ስል፣ እንግዳወርቅ ‹ጨፌ ረግረግ ነው› እያለ ይሟገተኛል።»

«ሲያዩትስ እንዴት ነበር?»

«ያምራል! ወንዙ ጎድሎ፣ ከብቱ ሆኹ ላይ ተሰማርቶ።»

ብፅዓት የመንደሩን ስም ተቀብላ ስልክ ደወለች።

እሑድ ሁሉንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ፖሊሱም መጣ።

«ጋሼ እንግዳወርቅ በሩን ራሳቸው ከፍተው፣ ጀርባቸውን ለሚያምኑት ሰው ሰጡ» አለች። «ለተከራያቸው ከራባት አያስሩም። የሚያስሩት ለእርስዎ ነው፣ ጋሼ አለማየሁ።»

«ስኮትላንድ ነበርኩ አልኩሽ!»

«ጥር ላይ ወንዝ ጎድሎ ከብት መስክ የሚውለው አገራችን ነው፤ በጋ ነዋ። እዚያ ግን ወንዙ ሞልቶ ሆኹን ከዋጠው ሳምንት አልፎታል። ከብቱ በረት ነው ያለው፤ የመንደሩን መጠጥ ቤት ጠይቄያለሁ። የቃሉን ፍቺ ያውቁታል፤ መሬቱን ግን አላዩትም።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሳቸው እዚያው ቀለለ።

«የዕድሜ ልክ ሥራዬን!» ብለው ጮኹ። «‹ከእንግዲህ ዳናዊት ትያዘው› አለኝ። ካውያው አጠገቤ ነበር።»

ዳናዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ጋሼ እንግዳወርቅ ሥራውን ለእኔ መቼ ሰጡኝ? ዓይንዎ መድከሙን አይተው፣ ‹እንዳያፍር፣ አንቺ እያነበብሽለት ይሥራ› ብለው ለመኑኝ እንጂ።»

ፖሊሱ ይዟቸው ሲወጣ አቶ አለማየሁ የበሩን ደፍ ስላላዩት ተደናቀፉ። ዳናዊት ሳታስበው ክንዳቸውን ደገፈች፤ ወዲያው እሳት እንደነካው ሰው ለቀቀቻቸው።