በብልቃጥ የታሰረችው ምስክር

መምህር ፍሰሐ ከአሰላ ወደ ጢቾ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከገደል ሥር ሞቶ የተገኘው እሑድ ጠዋት ነው። መርማሪው መቶ አለቃ መርሻ ተጠርቶ ሲደርስ ግን ሬሳው የለም። ደግ አደረግን ባዮች አንስተው፣ ገንዘው፣ ቤተ ክርስቲያን አድርሰውታል። ቅዳሜ ከሰዓት የጀመረው የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ አመሻሹ ላይ ጥቂት አባርቶ፣ ሌሊቱን እንደገና ሲወርድ አድሮ ዱካውን ሁሉ አጥቦታል። መርሻ ጭቃውን እያየ «እንግዲህ ምኑን ልመርምረው?» ብሎ ተነጫነጨ። ማን ይሰማዋል!

ከሟቹ የውስጥ ኪስ የተገኘው አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ብቻ ነው። አፉ በጥጥ ተወትፏል። ውስጡ አንዲት ትልቅ ጥቁር ጉንዳን ትንቀሳቀሳለች፤ አጠገቧ የረገፉ ክንፎች ወድቀዋል።

አለቃው ሻለቃ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ነገሩን በልባቸው ዘግተውታል። ጉደታ የሚባል ገበሬ ቅዳሜ ጠዋት ከመምህሩ ጋር ጮክ ብሎ እየተነጋገረ ወደ ገደሉ ሲሄድ ታይቷል። ባለመሬቱ ባላምባራስ ግዛቸው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ከፍርድ ቤት በበቅሎ ሲመለሱ ከገደሉ ሥር ሰው ተጋድሞ አይተዋል፤ ሰካራም መስሏቸው አለፉ። ስለዚህ ሰውየው የሞተው ጠዋት ነው፣ ገዳዩም ጉደታ ነው። ጉደታ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ለቅሶ ቤት ውሎ ማደሩን መንደሩ በሙሉ ይመሰክርለታል፤ ለጠዋቱ ግን ምን ይፈይድለታል? አንገቱን ገመድ እየጠበቀው ነው።

መርሻ እስር ቤት ገብቶ አነጋገረው። ጉደታ እንደነገረው፣ ባላምባራስ የድንበሩን ድንጋይ አንስተው ማሳውን ወደ ራሳቸው አዙረውበታል። መምህሩ እንደ ልማዱ ጉንዳን ፍለጋ በዚያ ሲዞር ድንጋዩ ሲነሳ በዓይኑ አይቷል። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክር ነበር፤ ጠዋት ጮክ ብለው የተነጋገሩትም ይህንኑ ነው።

«የገዛ ምስክሬን እኔው ልግደለው ጌታዬ?» አለ ጉደታ።

መርሻ ይህን ሲያስረዳ ሻለቃው «እስር ቤት ውስጥ ወንጀለኛ አግኝተህ ታውቃለህ?» ብለው ሳቁበት። መርሻ ደሙ ፈላ፤ ግን አለቃ ነውና ዋጠው።

ብልቃጡን ይዞ ወደ ሟቹ ባለቤት ወደ ወይዘሮ የሺሃረግ ሄደ። ሴትየዋ ገና ስታየው እንባዋ መጣ።

«ንግሥቲቱን አግኝቷት ነበር ማለት ነው» አለች። «ጀርባዋን ይዩት መቶ አለቃ። እንደ ሠራተኞቹ ጉንዳኖች ቀጭን አይደለም፣ ወፍራም ነው። ይኸው የክንፏ ጠባሳ። ባለክንፎቹ ከጎሬያቸው የሚፈሉት የመጀመሪያው ዝናብ ሲያባራ ነው። ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በኋላ ክንፏን ራሷ ትጥልና ጉድጓድ ፍለጋ ትሄዳለች። በየዓመቱ ዝናቡን ጠብቆ ይወጣል፤ እኔም በየዓመቱ እናደዳለሁ። የአምናዋ ሞታበት ነበር።»

መርሻ ከወንበሩ ተነሳ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለው እኮ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ሮጦ ሄዶ ቢነግራቸውም ሻለቃው ግን ወይ ፍንክች። «ጉንዳን ጉንዳን ነው። ንግሥት ለመሆኗ ማስረጃህ ምንድን ነው?»

«እንቁላል ትጥላለች።»

«እንግዲያው ትጣልና እናያለን። ፋይሉ ወደ ላይ እስኪሄድ ድረስ ነው የምጠብቅህ።»

የሺሃረግ አያያዙን ነግራዋለች፦ ጥጡ እርጥብ ይሁን፤ ቦታው ጨለማ ይሁን፤ ምግብ አያስፈልጋትም፣ የመጀመሪያ ልጆቿን የምታሳድገው ከገላዋ ባጠራቀመችው ነው፤ ከሁሉም በላይ አይነካኳት፣ ከተረበሸች የገዛ እንቁላሏን ትበላለች። መርሻ ብልቃጡን መሳቢያው ውስጥ ከተተና ማንም እንዳይነካው አዘዘ። ማዘዝ ምን ዋጋ አለው? ተረኛው አሥር አለቃ ሀሰኖ ለመጣው ባለጉዳይ ሁሉ እያወጣ በባትሪ ሲያሳይ ሰነበተ። አልበቃው ብሎ ማር ጨመረላት። መርሻ ሲከፍተው ጥጡ ሻግቷል፣ እግሯ በማር ተለውሷል።

«አንድ ሁለት ነጭ ፍሬ ጥላ ነበር፤ በላችው» አለ ሀሰኖ።

«ማር ማን ስጥ አለህ?»

«ንግሥት ጦሟን ታድራለች እንዴ ብዬ ነው ጌታዬ።»

መርሻ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። የሰው ነፍስ በእንደዚህ ያለ እጅ! ጉንዳኗን በንጹሕ ብልቃጥ አዛወረ፤ የሺሃረግ ቤት ወስዶ በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ሻለቃው በየጠዋቱ «አልወለደችም?» እያሉ ያሾፉበታል፤ ጉደታ በየጠዋቱ ይከሳል።

ፋይሉ ሊላክ ሲል የሺሃረግ ብልቃጡን ይዛ መጣች። መርሻ ሁሉንም ሻለቃው ቢሮ ሰበሰበ። ጉደታ እጁ እንደታሰረ በር ሥር ቆሟል፤ ባላምባራስ ወንበር ቀርቦላቸዋል።

«ባላምባራስ፣ ሰውየውን ተጋድሞ ያዩት ከዝናቡ በፊት ነው?»

«በፊት ነው። ፀሐይ ነበር አልኩህ። ስንት ጊዜ ልማል?»

መርሻ ብልቃጡን ለሻለቃው ሰጠ። ከጉንዳኗ ሥር ነጫጭ እንቁላሎች ተከምረዋል።

«ይህች ንግሥት ናት፤ እንቁላሉ ይኸው» አለ። «ክንፎቿ ከእሷው ጋር ብልቃጡ ውስጥ ነበሩ፤ ስለዚህ ክንፏን የጣለችው ከተያዘች በኋላ ነው። ባለክንፍ ጉንዳን የሚወጣው ደግሞ ከዝናብ በኋላ እንደሆነ እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቃለን። መምህሩ በገዛ እጁ ይዞ ኪሱ ከተታት። እንግዲህ ዝናቡ ሲያባራ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ጉደታ ለቅሶ ቤት ነው። እርስዎ ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ገና ያልሞተን ሰው ሬሳ አይተዋል። ሞቱ ወደ ጠዋት እንዲዞር የሚፈልገው ማን ነው? ጠዋት ፍርድ ቤት ሰው መሀል የዋለ፣ ከሰዓት የት እንደነበረ ግን የሚመሰክርለት የሌለው ሰው ነው።»

ባላምባራስ ፊታቸው ተለዋወጠ። «አስተማሪ አይደለም እንዴ! በሰው ድንበር ምን ጥልቅ አደረገው?» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ አልቀረም።

የጉደታ እጅ ተፈታ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞር አለ።

«እንቁላል ባትጥልስ ኖሮ ጌታዬ?»

መርሻ ብልቃጡን ከጠረጴዛው አንስቶ በጥቁር ጨርቁ ጠቀለለው። ሻለቃውም አቀርቅረው ፋይላቸውን ይገልጣሉ። ጉደታ በሩን ከፍቶ ወጣ።