የማንን ድምፅ?

ከርከሮዎቹ ድሮኖቹን መብላት ከጀመሩ ወዲህ የማሳ ጥበቃው ወደ ጠመንጃ ተመልሷል። ጥፋቱ የከርከሮዎቹ አልነበረም። ድሮኖቹ ሲወድቁ አፈር እንዲሆኑ ተብሎ አካላቸው የሚሠራው ከበቆሎ ገለባና ከስታርች ነበር፤ ከርከሮ ደግሞ አፈር እስኪሆኑ አይጠብቅም። መጀመሪያ የወደቁትን ለቀሙ። ቀጥለው ዝቅ ብለው የሚበሩትን እየዘለሉ ያወርዱ ጀመር። በመጨረሻ የድሮን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ግልገሎቻቸውን አስከትለው፣ ምሳ እንደተጠራ ሰው ወደዚያው የሚሮጡ ሆኑ።

ስለዚህ ይሄይስ ከሌላ ዘበኛ ጋር የሚፈራረቅበትን ያረጀ ጠመንጃ አንግቶ በታችጥላ ከተማ ዳር ያለውን የማሽላ ማሳ ይጠብቃል።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከጥላው ነው። ጥላው ከሸለቆው አንዱ አፋፍ እስከ ሌላው አፋፍ የተወጠረ ስስ ሸራ ነው። ቀን ፀሐይ እየጠጣ መብራት ይሰጣል፤ ሌሊት ጤዛ እየሰበሰበ ማሳው ላይ ያንጠባጥባል። እሱ ባይኖር በዚያ ቆላ ሰው ሊኖር ቀርቶ ቁልቋልም አይበቅልም ነበር። አንድ ክፉ ዐመል ግን አለው፤ ድምፅ ይመልሳል። ጥይት ሲተኮስ ጥላው ድምፁን ተቀብሎ ወደ ምድር ይወረውረዋል፣ ምድር መልሳ ወደ ላይ ትልከዋለች፣ ሁለቱ እንደ ኳስ ሲቀባበሉት አንዷ ጥይት ሙሉ የጦር ግንባር ትሆናለች።

ይሄይስ ቤቱ ባለችው አታሚ፣ ማለትም ዕቃን ከብረት ዱቄት እየደረበች በምትሠራ ትንሽ ማሽን፣ ለጠመንጃው አፍ የሚሆን ማፈኛ ሠራ። መሥራቱ አልተከለከለም። መግጠሙ ግን ፈቃድ ይፈልጋል፤ የጥበቃ ጠመንጃ ያልተመዘገበ ነገር ከተገጠመበት ቃታው ራሱን ይቆልፋል። ማመልከቻውን ያስገባው ማሽላው ገና ሲበቅል ነበር። አሁን ማሽላው እሸት ይዟል። ከርከሮዎቹም አውቀዋል። ማፈኛው ግን እስከ ዛሬ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ከሣጥን አልወጣም።

ፈቃድ ቤት ውስጥ ሰው አይሠራም። ያለችው አንዲት ድምፅ ናት፤ በትንሽ መስኮት በኩል ትጠይቃለች፣ ትመልሳለች፣ ታዛለች። የመንግሥት ስሟን የሚያስታውስ የለም። ንግግሯን ሁሉ «ጥቂት ይቆዩ» ብላ ስለምትጀምር ከተማው እትዬ ቆይ ይላታል።

«ጥቂት ይቆዩ» አለችው የዚያን ዕለት ጠዋት። «ማመልከቻዎ ከድምፅ ቆጣሪዎች ቢሮ ተመልሷል። አሁን የምርጫ ወቅት ስላልሆነ ተቃውሞ የላቸውም።»

«ምርጫ? እኔን ከምርጫ ጋር ምን አገናኘኝ?»

«የድምፅ አፋኝ እንዲፈቀድልዎ አመልክተዋል። የድምፅ ጉዳይ በመጀመሪያ የሚመለከተው እነሱን ነው።»

ከኋላው ከተሰለፉት አንዱ ሳቁን ማስቀረት አልቻለም። የይሄይስ ጆሮ ጋለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ሲስቅበት መጀመሪያ የሚያውቀው ጆሮው ነው። «የተኩስ ድምፅ መቀነሻ» ማለት ሲገባው አፉ እንዳመጣለት «የድምፅ አፋኝ» ማለቱ አሁን ገባው።

«አሁን ጉዳይዎ ያለው ጸጥታ ክፍል ነው» ስትል ቀጠለች። «አፈናን የሚያጣራው እሱ ነው። አንድ ጥያቄ ልኳል። ሊያፍኑ ያሰቡት ማንን ነው?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ።

«ወንድም፣ አፋኝ ነህ እንዴ?» አለ የዶሮ ሣጥን የታቀፈ ሰው። «ፊትህኮ አይመስልም!»

«ለማንኮራፋት ከሆነ ለባሌም አንድ ሥራልኝ» አለች ከእሱ ኋላ ያለች ሴት። «ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ።»

«ሰው አይደለም» አለ ይሄይስ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ። «ድምፅ ነው። ለሰብሉ ነው። ከርከሮዎቹ የመጀመሪያውን ተኩስ ሲሰሙ ስለሚበታተኑ...»

«የማንን ድምፅ?»

«የጠመንጃዬን።»

«ጠመንጃ በሕዝብ መዝገብ ላይ ስም የለውም። ድምፅ ያለው ሰው ነው። የሰውየውን ስም ይናገሩ።»

ይሄይስ «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ ሰልፉን በጎን አልፎ ወጣ። ሴትዮዋ «ኧረ ባሌን እንዳትረሳው!» ስትል ከኋላው ሰማ።

ስለ ሰብሉ የተናገረው ውሸት ነበር። እውነቱ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው።

አባቱ አቶ ካሳዬ በሰፈሩ የሚታወቁት በጦር ሜዳ ስማቸው፣ አባ ነጎድጓድ ተብለው ነው። በወጣትነታቸው ዘመን በነበረው ጦርነት ከምሽግ ምሽግ እየዘለሉ ሲተኩሱ ጓደኞቻቸው ያወጡላቸው ስም ነው። በበዓል ቀን ልጆች ከበው ያስወሯቸዋል። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ የክብሩ ቦታ የእሳቸው ነው። ይሄይስም የትም ሲሄድ «የአባ ነጎድጓድ ልጅ» ይባላል፤ ዐይን አፋር ሆኖ ላደገ ሰው ይህ ስም እንደ ካፖርት ነበር፣ ለብሶት ይወጣል።

ጥላው ከተወጠረ በኋላ ግን አባ ነጎድጓድ ተኩስ መስማት አቃታቸው። በተተኮሰ ቁጥር ልብ ጠባቂ የምትባለዋ አምባር እጃቸው ላይ ትቀላለች። ሐኪሙ ይሄይስን ለብቻው ጠርቶ «እንዲህ ያለ ድንጋጤ ከተደጋገመባቸው ይህ ልብ ይቆማል፤ እንዳትዘናጋ» ብሎት ነበር።

የዚያን ዕለት ይሄይስ ተራው ስላልነበር ማታ ቤት ነበር። እራት አቅርቦ ገና አልተቀመጠም። በማሳው በኩል ሌላው ዘበኛ ተኮሰ። ጥላው ተቀበለ፣ ምድር መለሰች፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ከአባቱ ክፍል ጩኸት ተሰማ። የአዋቂ ሰው ጩኸት አይመስልም ነበር፤ ገደል ላይ እግሩ የከዳው ሕፃን ጩኸት ነበር።

ይሄይስ ሮጠ። መስኮቱን ዘጋ። ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አባቱ የገባው።

አልጋው ባዶ ነበር። ከአልጋው ሥር ሁለት ተረከዞች ይታያሉ።

«ነጎድጓድ!» የሚል ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ። ጎረቤታቸው ጋሽ ወንድአፍራሽ ነበሩ፤ የጥንት የጦር ጓደኛቸው፣ የሰፈሩ ቀልደኛ። «ሰማህ? ልጆቹ እኮ ተኮሱ!»

«ይተኩሱ!» አሉ አባቱ ከአልጋው ሥር፣ በዚያ በሚታወቀው ጎርናና ድምፃቸው። «እኛ ስንቱን ሰምተናል!»

«አይ ነጎድጓድ! አንተን የሚያነቃንቅ ገና አልተሠራም!»

ይሄይስ ተንበርክኮ እጁን ዘረጋላቸው። አባቱ እየተንፏቀቁ ወጡና የጉልበታቸውን አቧራ አራገፉ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። አምባሯ ቀልታለች።

«መነጽሬ ወድቆብኝ ነው» አሉ።

መነጽር አድርገው አያውቁም።

«አገኙት?» አለ ይሄይስ።

«አላገኘሁትም። ጠዋት እፈልገዋለሁ።»

ውኃ ሰጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። ተመልሶ እራቱ ላይ ሲቀርብ ግን መስኮቱን እያየ ነበር። አባቱ ሲጮኹ መጀመሪያ የሄደው ወዴት ነው? ወደ መስኮቱ። ሁልጊዜስ? ሁልጊዜም ወደ መስኮቱ። ሰፈሩ እንዳይሰማ። የአባ ነጎድጓድ ልጅ የምን ዓይነት ሰው ልጅ እንደሆነ እንዳይታወቅ።

«የማንን ድምፅ?» ብላ ነበር እትዬ ቆይ። አንዲት ቃል አሳስታት በሞኝነት የጠየቀችው ጥያቄ ነው። አልገባትም ነበር። የገባው እሱን ነው።

በማግሥቱ ፈቃድ ቤት ሲደርስ ሰልፉ እንደ ትናንቱ ነበር። የዶሮ ሣጥን የያዘው ሰውም ጉዳዩ ስላላለቀለት ተመልሶ መጥቷል። «አፋኙ መጣ!» ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ጥቂት ይቆዩ» አለች እትዬ ቆይ። «ጥያቄው አልተመለሰም። የማንን ድምፅ?»

ይሄይስ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ከፍ አድርገው ይናገሩ።»

«የአባቴን።»

ከኋላው አንድ ሰው መሳቅ ጀመረና ሌላው ሳያግዘው ሲቀር ተወው።

«አባትዎ ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉም። ይጮኻሉ። ተኩስ ሲሰሙ ይጮኻሉ፣ አልጋ ሥር ይገባሉ። ልባቸው ደካማ ነው። እኔ... እኔ ሰው እንዳይሰማቸው ብዬ ነው።»

ዶሮዎቹ ብቻ ሣጥናቸው ውስጥ ይንጫጫሉ።

«ተኩስ የሚያስጨንቀው ሰው ባለበት መስመር አይተኮስም» አለች። «የቆየ ደንብ ነው። ዘበኞቹ ዛሬውኑ ወደ ወንዙ ዳር ይዛወራሉ። ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ማስታወቅ ብቻ ይበቃል። ማስታወቂያው በሰፈርዎ መተላለፊያ ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ ለጎረቤቶች ይነበባል።»

«ይህን ያህል ጊዜ ስመላለስ ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቁኝ ድምፅ ስለማፈን ነበር። ስለ ሰው ጭንቀት አልጠየቁኝም።» ቀጥላም «ማስታወቂያው ይላክ?» አለች።

ይሄይስ የልጆቹን ፊት አሰበ፤ የሽማግሌዎቹን የክብር ወንበርም አሰበ። ከዚያ የአባቱ ነጭ ከንፈር መጣበት።

«ይላኩት» አለ።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ። አባቱ ይህን የሚሰሙት ከልጃቸው አፍ ሳይሆን ከድምፅ ማጉያ ነው። «ቆይ!» ብሎ መስኮቱን መታ። «እትዬ፣ ጥቂት ይቆዩ! መጀመሪያ እኔ ልንገራቸው!»

«ተልኳል» አለች እትዬ ቆይ።

ይሄይስ ሮጠ። ጠባቧን የገበያ መንገድ አቋርጦ መተላለፊያው ጋ ሲደርስ ድምፅ ማጉያው እየጨረሰ ነበር። «...በአቶ ካሳዬ ቤት ተኩስ የሚያስጨንቀው ሰው አለ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መስመር አይተኮስም። ጎረቤቶች ትተባበሩ ዘንድ እናሳስባለን።» በየደጁ የቆሙ ሰዎች አዩት። የሚያውቁት ዐይኖች ነበሩ፤ ግን የትኛውንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

አባቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

«ሰማሁት» አሉ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። በፊት ለእርስዎ መናገር ነበረብኝ።»

«ተኩስ የሚያስጨንቀው ሰው አለ ነው የሚለው። ማን ነው እሱ? አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

«እርስዎ ተኩሱን ይፈራሉ» አለ ይሄይስ። «እኔ ደግሞ እርስዎን ሰው እንዳይሰማዎት እፈራ ነበር። መስኮቱን የምዘጋው ለዚያ ነው።»



«መስኮቱን ስትዘጋ እሰማህ ነበር» አሉ አባቱ። «ከአልጋው ሥር ሆኜ መጀመሪያ እሱን እሰማለሁ፣ ከዚያ ሬዲዮውን፣ ከዚያ የአንተን እግር። መነጽር ያልኩህም ለዚህ ነው። እንድታፍርብኝ አልፈለግሁም።»

በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ ወንድአፍራሽ ነበሩ። ጫማቸውን ደጁ ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ። ይሄይስ ለሚመጣው ቀልድ ጥርሱን ነከሰ። ሽማግሌው ግን አልቀለዱም። አልጋውን ቁልቁል አዩት፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ያለውን አዩ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

«ነጎድጓድ» አሉ፤ «እዚህ ሥር ለሁለት ሰው ቦታ አለ?»

አባቱ ዐይናቸውን አነሡ።

«የኔ አልጋ ዝቅ ያለ ነው» አሉ ጋሽ ወንድአፍራሽ። «እዚያ ሥር ተጋድሜ ስጣራ ጀርባዬን ይፍቀኛል። ‹ልጆቹ ተኮሱ› የምልህ ከየት ሆኜ መሰለህ?»

«አንተም?»

«ድምፅህን ካልሰማሁ መውጣት አልችልም ነበር እኮ! ‹ይተኩሱ!› ስትለኝ፣ እሱ ካልፈራ ልውጣ እላለሁ።»

«እኔም አንተ ስትጮኽ ነው ትንፋሼ የሚመለሰው» አሉ አባቱ። «ወንድአፍራሽ ቆሟል፣ እኔ ግን ተኝቻለሁ እያልኩ።»

ተያዩ። መጀመሪያ አባቱ ሳቁ፤ ትንሽ፣ እንደማስነጠስ ያለች ሳቅ። ከዚያ ጋሽ ወንድአፍራሽ ጉልበታቸውን እየመቱ ጀመሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ድምፃቸው ክፍሉን ሞላ፣ መተላለፊያውን ሞላ፣ ወደ ጥላው ወጣ፤ ጥላውም እንደ ዐመሉ ተቀብሎ ለሰፈሩ ሁሉ መለሰው። በአባቱ አምባር ላይ ያለው ቀይ መብራት ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ዞረ።

የይሄይስ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ ከፈቃድ ቤት ነበር።

«የድምፅ አፋኝ ፈቃድዎ ጸድቋል። ድምፁ እንዲታፈን የተፈቀደው ሰው፦ አቶ ካሳዬ። አመልካች፦ ልጅ።»

«ማን ነው?» አሉ አባቱ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ፈቃድ ቤት ነው። ያመለከትኩት ነገር ነበር።»

«ዛሬ ነው የሚመልሱልህ? ዘገዩ።»

«አዎ፣ ዘግይተዋል» አለ ይሄይስ።

ሳቁ እንደገና ተነሣ፤ አሁን ደግሞ ጋሽ ወንድአፍራሽ አልጋ ሥር እንዴት እንደሚገቡ እጃቸውን ዘርግተው እያሳዩ ነበር። ይሄይስም አብሮ ሊስቅ ፈለገ። አባቱ ግን ሳቃቸውን ሳያቋርጡ ወደ እሱ ዘወር አሉና አንድ ነገር ላይ ዐይናቸው ቆመ። ይሄይስ ዐይናቸውን ተከትሎ አየ።

መስኮቱ ግማሽ ተዘግቷል። የራሱ እጅ መያዣው ላይ ነበር። መቼ ተነሥቶ እዚያ እንደደረሰ አላወቀም።