የወንዙ ድርሻ

«አንድ ዳቦ አርባ ሺህ ወርቅ?!»

ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ሳቄ ክፍሉን ሞላው። ከኋላዬ የሴት ድምፅ መጣ።

«ዳቦውን የሳልኩት እኔ ነኝ። ዋጋውን ግን አልሳልኩም።»

ዞር ስል ጣቶቿን ቀለም የነካካቸው ልጅ ቆማለች። ፊቷ ተኮሳትሯል፣ ዓይኗ ግን ይስቃል። በቃ... አለቀልኝ!

ቢሮው የኮምፒውተር ጌም የሚሠራበት ነው። ሁለት ክፍልና አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ። ውጭ አገር ስድስት ዓመት የተማርኩት ስለ ገንዘብ ስለነበር፣ የቀጠሩኝ የጌሙን ዓለም ገንዘብ እንዳስተካክል ነው። የሌለ አገር ባንክ ገዥ ሆንኩ ማለት ነው!

«ታዲያ ምን አጠፋን፣ ፕሮፌሰር?» አለችኝ።

«ተጫዋቹ ዘንዶ በገደለ ቁጥር ወርቅ ይወድቅለታል። ወርቁ ከየት መጣ? ከምንም! ዘንዶው ደግሞ ተመልሶ ይነሳል። ገንዘቡ ይፈጠራል እንጂ አይጠፋም። ሁሉም ሀብታም ከሆነ ዳቦ ሻጩ ምን ያድርግ?»

«አርባ ሺህ ይበላ!» አለ ፕሮግራም የሚጽፈው ልጅ። ጢሙ ደረቱ ላይ ስለደረሰ ሁሉም «ጢሞ» ይለዋል።

«ገንዘቡ መውጫ ያስፈልገዋል» አልኩ። «ግብር፣ ቅጣት...»

«ኤጭ! ሥራ ሲያደክመው የዋለ ሰው ጌም ውስጥም ግብር ይክፈል?» ሠዓሊዋ ወረቀት ስባ ጀልባ ሳለች። «ወንዝ የሚሻገር ሰው ሳንቲም ይከፍላል። ቀዛፊው ግን ኪሱ አይከተውም፣ ውሃው ውስጥ ይወረውረዋል። የወንዙ ድርሻ ነው።»

«እኛ የምንሰርዘውንም ሳንቲም ወንዙ ወለል ላይ አስቀምጠዋለሁ» አለ ጢሞ።

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ! የስድስት ዓመት ትምህርቴን በአንዲት ጀልባ ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲያ አራት ወር እንደ ጥይት በረረ። «የጫካው ሰዎች ገንዘብ ዘር ይሁን» ትለኛለች። «ያከማቸው ይነቅዝበት!» እኔ ስሌቱን እሠራለሁ፣ እሷ ትስላለች፣ ሳናውቀው ምሳ ያልፈናል።

ቤት ስገባ ግን ሻንጣዬ በር ሥር ይጠብቀኛል።

«ልጄ፣ ቤቴ ሆቴል ነው እንዴ? ይሄን ሻንጣ መቼ ነው የምትፈታው?» ትላለች አክስቴ።

ሄጄም እዚያ አልነበርኩም፣ መጥቼም እዚህ አልደረስኩም።

በዚህ መሀል ውጭ አገር የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ጻፈልኝ። «ና፣ አስተምር። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን መልስ ስጠን።» ደብዳቤውን ለሠዓሊዋ አሳየኋት። አንድ ቃል እንድትለኝ ጠበቅኩ።

«ጥሩ ነው» አለች። በቃ!

ሐሙስ ሐሙስ ከጌሙ ሐሰተኛ ሳንቲም እጠርጋለሁ። ምንጩ የማይታወቅ ሳንቲም ከተገኘ ይሰረዛል፤ ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። የዚያን ዕለት አንዱ የተገኘው የራሴ ገጸ ባሕርይ ኪስ ውስጥ ነበር። ምንጭ የለውም፣ ዋጋው ዜሮ። ምሳ ላይ ጉራዬን ነዛሁ።

«የባንኩ ገዥ ኪስ ውስጥ ሐሰተኛ ሳንቲም! ወዲያው ጠረግኩት!»

የሠዓሊዋ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«አይተኸዋል?»

«ዋጋው ዜሮ ነው፣ ምኑ ይታያል?»

ተነሳች። «እሺ... መልካም መንገድ።»

ዓርብ ረፋዱን ሁሉ ወንበሯ ባዶ ነበር። ካልፈለገችኝ ምን እጠብቃለሁ? «እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል ጢሞ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ የተማርከው የት ነው? ያቺን ሳንቲም ሦስት ቀን ሙሉ ስትስላት ነበር! ኪስህ ያስገባሁልህ እኔ ነኝ።»

«ሰረዝኩት እኮ!»

«እኛ ዓለም ውስጥ የተሰረዘ ሳንቲም የት ነው የሚሄደው?»

ወንዙ!

የወንዙን ወለል ከፈትኩ። ከሺህ ሳንቲሞች መሀል አገኘሁት። በአንድ ፊቱ ሻንጣ ተስሏል፤ ተከፍቷል፣ ባዶ ነው፣ ልብሶቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ገለበጥኩት።

«አትሂድ» ይላል።

ሮጥኩ! ደረጃው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ዋጋውን ለምን ዜሮ አደረግሽው?» አልኳት እያለከለክኩ።

«እንዳትሸጠው።»

«እኔ እኮ... ከምንም የመጣ ገንዘብ ሐሰተኛ ነው ብለው ነው ያስተማሩኝ።»

«ከምንም አልመጣም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አራት ወር ፈጅቶብኛል።»

ለእኩለ ቀን አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ስልኬን አውጥቼ የጻፍኩትን አጠፋሁና «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ብዬ ጻፍኩ። ስልኩን ሰጠኋት።

«አንቺ ላኪው።»

«ራስህ ላከው! ነገ ሲቆጭህ በእኔ ልታላክክ ነው?»

ላክሁት። እየሳቀች አለቀሰች፤ ቀለም የነካካቸው ጣቶቿ ጣቶቼ መሀል ገቡ። ከላይ ጢሞ ሲያፏጭ ተሰማኝ።

ቤት እንደገባሁ ሻንጣዬን ፈታሁ። ባዶውን አልጋ ሥር ስገፋው አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ማን ናት?» አለችኝ።

«ዳቦ የምትስል ልጅ።»

«መሳሉን ትተወውና ትምጣ፤ የሚበላውን እኔ እሰጣታለሁ!»